የአያቴን መሶብ ክዳን ስሰፋ

መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሁድ

ዛሬ መውሊድ ነው። አክስቴ ከኩታበር መጥታ ደሴ እኛ ቤት ናት። ቡናው እስኪፈላ ብዬ የአያቴን መሶብ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩና አቧራዋን ጠረግኩላት። ትንሽ መሶብ ናት። የበዓል ዳቦና ቆሎ ይቀርብባታል እንጂ የእንጀራ አይደለችም። ቀዩ ደብዝዞ ጡብ መስሏል። ወይን ጠጁ አሁንም አለ። ክዳን ግን የላትም።

ክዳኗ የጠፋው በ2014 ነው። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ቆልፈን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ዕቃው ተበትኖ ጠበቀን። መሶቧ ጓሮ ቁልቋሉ ሥር ወድቃ ነበር። ክዳኗን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው። ከዚያ ወዲህ ነጠላ ጣል እያደረግንባት ቆየች።

"እቴቴ፣ ለዚች ክዳን ስፊላት" አልኳት።

"እጅሽ ተቆርጧል?" አለችኝ። ሣቀች፤ ግን የምሯን ነው። "አሳይሻለሁ። አንቺ ትሰፊዋለሽ።"

እኔ ወስፌ ይዤ አላውቅም። አያቴ በሰፈሩ የተመሰገነች ሰፊ ነበረች። እናቴም ትችላለች። እኔ ጋ ሲደርስ ትምህርት ነው፣ ፈተና ነው፣ ሥራ ነው ተባለና ቀረ።

ለካን። አፏ 32 ሳንቲ ሜትር ነው። የድሮው ክዳን ከጉልላቱ እስከ ጠርዙ ምን ያህል እንደነበር አክስቴ በእጇ ለካች፤ አንድ ስንዝርና አራት ጣት። በሜትር ስይዘው 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በአንድ ምክንያት ነው። አምና አክስቴ አንድ ሰፌድ ስትሸጥ አብሬያት ነበርኩ። ስንት ቀን እንደፈጀባት ስጠይቃት "ምን ፈጀብኝ፣ በትርፍ ሰዓቴ አይደል?" አለችኝ። ያ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለዚህ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ሣር ከመልቀም ጀምሮ አንዷንም ሰዓት ሳልዘል።

መስከረም 12፣ እሁድ

ኩታበር። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ከአክስቴ ቤት ተነስተን ስንደዶ፣ የስፌቱ ሣር፣ ያለበት ዳገት ለመድረስ አንድ ሰዓት ሄድን። "ድሮ ከጓሮ ነበር የምንለቅመው" አለችኝ። አሁን የማሳው ጥግ ሁሉ ታርሷል፣ ቀሪው ባሕር ዛፍ ሆኗል።

ስንደዶ አይታጨድም፤ ይመዘዛል። ራሱን ያወጣውን ዘንግ ከላይ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ከሽፋኑ ሲወጣ ጢጥ የሚል ድምፅ አለው። ሥሩ አካባቢ የነበረው ጫፍ ነጭና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ቸኩሎ የሳበ መካከሉ ላይ ይበጥሰዋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሃያ በጠስኩ። ቅጠሉ ጣት ይቆርጣል፤ ማታ ሎሚ ስነካ ነው ያወቅኩት።

ጊዜው አሁን ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ አብቦ ገና ሳይደርቅ። ሁለት ሳምንት ካለፈ ዘንጉ ይሰባበራል፣ ስንጥቅም አይወጣው። ለዚህ ነው ሴቶቹ ለዓመት የሚሆናቸውን በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት የሚሰበስቡት። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲሉ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ሣር አለ። እሱ ካለፈ በኋላ የስንደዶው ተራ ይመጣል።

ሌላው የስፌት ሣር፣ አክርማው፣ የተገኘው ወረድ ብሎ፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ላይ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ከብት ብዙም አይደፍረውም። አክርማ ከዳጉሳ ጋር አንድ ወገን ነው። ራሱን ሲያወጣ አየሁት፤ ጣት ጣት ሆኖ የተከፈለ፣ የዳጉሳ ታናሽ ወንድም ነው የሚመስለው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት "አንቺ መጽሐፍሽን ነግረሽኝ ነው? ዳጉሳ እኮ ነው፣ ዓይን አለኝ" አለችኝ።

እሷ አስራ አንድ ጭብጥ ለቀመች፣ እኔ አራት። ለቀማው 3 ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 2 ሰዓት። ድምር 5 ሰዓት ተኩል።

መስከረም 20፣ ሰኞ

ሣሩ ሳምንቱን በጥላ ደርቋል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይነጣል ግን ይሰበራል፤ ስለዚህ በረንዳ ላይ ነው የተዘረጋው። አሁን ስንጠቃ።

እንዲህ ነው። ዘንጉን ውኃ ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት። የወፍራሙን ጫፍ በጥፍር መክፈት። አንዱን ክፋይ ጥርስ ላይ መያዝ፣ ሌላውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ታች መሳብ። ጣት እኩል ካልሄደ ስንጥቁ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ያልቃል። የአክስቴ የፊት ጥርስ ላይ ትንሽ ስንጥር የምታክል ጉድጓድ አለች። ልጅ ሆኜ ጥርሷ የተሸረፈ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አክርማ ይዛ ሳያት ሣሩ ልክ እዚያች ቦታ ገብቶ ተቀመጠ። አርባ ዓመት የሰራው ጉድጓድ ነው።

ለስላሳውን ሆድ በቢላ ጀርባ ፍቀን አወጣን። ጥሩው ለመስፊያ ተለየ። ቀጫጭኑና የተሰባበረው ለመሙያ፣ ማለት ዙሩ ሆድ ውስጥ ለሚገባው። የሚጣል የለም።

ዛሬ 4 ሰዓት፣ ትናንትና ከትናንት በስቲያ 5። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ገና አንድ ዙር አልሰፋሁም።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ከደሴ ገበያ ቀለም ገዛሁ። በትንንሽ ወረቀት የሚሸጠውን ዱቄት። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ሻጯ "የሱፍ ክር ይሻልሻል እኮ፣ መንከርም የለ፣ መሰንጠቅም የለ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ስፌት ብዙው በክር የተጠመጠመ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክር የሚጠመጥሙም አሉ። ያንን የሚሰሩትን ሴቶች የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ ስንደዶ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ አይቼዋለሁ። ግን ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። ሣር ይተነፍሳል። ትኩስ እንጀራ ወይም ዳቦ ቢከደንበት እንፋሎቱን እየጠጣ ቀስ ብሎ ያስወጣዋል። ላስቲክ ላይ ግን ውኃ ያቁርና እንጀራው ያልበዋል፣ በማግስቱ ይሻግታል። እኔ የሣሩን መረጥኩ።

ማታ ነከርን። አንድ ድስት ውኃ ሲፈላ ቀለሙን በጥብጦ መጨመር፣ ጨው ጣል ማድረግ፣ ከዚያ ጭብጡን ገመድ አስሮ ማጥለቅ። ግማሽ ሰዓት ያህል እያገላበጡ መተው። የተነከረው ሣር አለላ ይባላል። አረንጓዴው አለላ ከድስቱ ሲወጣ ቤቱ በሙሉ እርጥብ ሣር ሸተተ።

አክስቴ በስልክ "ውኃው ጥርት እስኪል እጠቢው" ብላኝ ነበር። አረንጓዴውንና ወይን ጠጁን አጠብኩ። ቀዩ ጋ ስደርስ መሸ፣ ውኃም ሄደ። ሁለት ጊዜ ለቅለቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ይህን የምጽፈው ዋጋውን ስለምከፍል ነው።

4 ሰዓት።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ተጀመረ!

ወስፌዬ አክስቴ የሰጠችኝ ናት። ብረቷ የጃንጥላ ሽቦ ተስሎ ነው፣ እጀታዋ እንጨት ነው፣ መዳፍ ውስጥ ተደብቃ ትቀመጣለች። አክስቴ ያለ በስመላህ ወስፌ አታነሳም። እኔም አልኩ።

ከሁሉም የከበደው መነሻው ነው። አክስቴ እምብርት ትለዋለች። አምስት ስድስት ቀጫጭን መሙያ ይዞ፣ ጫፉን በእርጥብ ስንጥቅ ጠምጥሞ፣ በራሱ ላይ አጥፎ፣ ምስር በምታክል ቀለበት ላይ መስፋት። የምስር ፍሬ! ጣቴ ራሱ ይጋርደዋል። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ተፈታብኝ። አምስተኛው ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ይደጋገማል። በወስፌ ያለፈውን ዙር ትወጊያለሽ። ወስፌው ሲወጣ ቀዳዳው ሳይዘጋ የስንጥቁን ሹል ጫፍ ታስገቢያለሽ። ትስቢያለሽ። አዲሱን መሙያ ጠምጥሞ ይይዘዋል። እንደገና ትወጊያለሽ። ስንጥቁ ሲያልቅ ጭራው መሙያው ሆድ ውስጥ ይደበቃል፣ አዲስ ይገባል። አንዱ ስንጥቅ ለሃያ ጥምጥም ያህል ይበቃል።

ቅርፁን የሚወስነው እጅ ነው እንጂ መለኪያ የለም። አዲሱን ዙር ካለፈው ጎን ካስተኛሽው ሰፌድ ይሆናል። ጫፉ ላይ ካስቀመጥሽው እንደ ግድግዳ ይቆማል። በመካከል፣ ወደ ውጭ ዘንበል ካደረግሽው ክዳን ይሆናል። እንዲሰፋም በየጥቂቱ አንድ ቀዳዳ ላይ ሁለት ጊዜ መጠምጠም አለ። "መቼ ነው የምጨምረው?" ስላት "ሲጠብሽ" አለችኝ። ያኔ ምንም አልገባኝም።

ዛሬ 5 ሰዓት፣ 7 ዙር። የብርጭቆ አፍ አታክልም።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ተበላሸ።

አስራ አራተኛው ዙር ላይ ነበርኩ። ቀይ አለላ አስገብቼ ሦስት ዙር ሄጄበታለሁ። ሥራው እንዳይደርቅብኝ ትናንት ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ቀዩ ነጩ ላይ ፈስሷል። ፈዛዛ ሮዝ፣ ግማሹ ጋ ብቻ። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ነጭ የታመመ ዓይን መሰለ።

ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ደወለች። አልተቆጣችም።

"ቀዩን አጥበሽዋል?"

"ሁለቴ።"

"ውኃው ጠርቶ ነበር?"

ዝም አልኩ።

"በይ ተርትሪው፣ ሆዴ። እኔም ለእናቴ ተርትሬላታለሁ።"

ተረተርኩት። መተርተር ከመስፋት ይፈጥናል ብዬ ነበር፤ አይፈጥንም። ነጩን ላድነው ካልኩ ጥምጥሙን አንድ በአንድ ነው መልቀቅ ያለብኝ። ስድስት ዙር ወረደ፤ የፈሰሰበት ነጭም አብሮ። የቀረውን ቀይ ሰባት ውኃ አጠብኩት። በሰባተኛው ጠራ።

የወረደውን የሰፋሁበትና የተረተርኩበት አንድ ላይ 11 ሰዓት። ይህም ይቆጠራል።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ኩታበር፣ አክስቴ ግቢ። አምስት ሴቶች ነን። አክስቴ ሰፌድ ጀምራለች። ጎረቤቷ እማማ ለልጅ ልጃቸው ሙዳይ ይሰፋሉ። ሁለቱ እህትማማቾች ሌማት ይዘዋል፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላታለች። በሩ አጠገብ ለቆዳ ሰሪ የሚሄድ አገልግል አለ። ስፌቱ አልቋል፣ ቆዳ መልበስ ብቻ ነው የቀረው።

እዚህ ስመጣ የገባኝ አንድ ነገር አለ። የሚሰፉበት ቀን ጥቂት ነው። አርብ በአክስቴ ቤት እስከ ጁምዓ ሶላት ወስፌ አይነሳም። እማማ ደግሞ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ አይሰፉም። የመጪው ሐሙስ ኅዳር ሚካኤል ነው። አንዷ ስታከብር ሌላዋ ብቻዋን መስፋት አትወድም፣ ወስፌዋን ታስቀምጣለች። "ብቻዬን ከሰፋሁ ይጣመምብኛል" አሉኝ እማማ። ከዚያ ውጭ ያለው ቀን የአጨዳ ነው፣ የውኃ ነው፣ የእንጀራ ነው፣ የልጅ ነው። ትርፍ ሰዓት የሚባለው ይህ የተረፈው ነው።

አቦሉ ሲቀዳ ሰዓቴን አወጣሁና አክስቴን ለአንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። አስራ ሁለት ጥምጥም። ጣቷን አላየችም፤ እያወራች ነበር። ራሴን ቆጠርኩ። አራት፣ አንዱ ጠማማ።

አየችኝና "አትቁጠሪ። በረካው ይነሳል" አለች።

እማማም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ነገር ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ናቸው። አልተከራከርኳቸውም። ቤቴ ገብቼ ግን አሰላሁ፣ አላህም ማርያምም ይቅር ይበሉኝ።

የአክስቴ ሰፌድ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር ነው። የዙሩ ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር። ስለዚህ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ 40 ዙር አለ። ያ ጥምዝ ቢፈታና መሬት ላይ ቢዘረጋ 25 ሜትር ይሆናል። በየሁለት ሚሊ ሜትሩ አንድ ጥምጥም አለ። አስራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጥምጥም ማለት ነው። በደቂቃ 12 ከሄደች፣ ራሷን ቀና ሳታደርግ፣ ቡና ሳትጠጣ፣ አንዴ ሳትሳሳት፣ 17 ሰዓት ከግማሽ ገደማ።

ለአንድ ሰፌድ! ገብስ ለሚበጠርበት፣ ዶሮ ሲገባ አንስተን "እሽ" ለምንልበት።

የእኔም ክዳን ከዚያ አያንስም። 24 ሜትር ጥምዝ፣ 12 ሺህ ጥምጥም። በእኔ እጅ 50 ሰዓት።

ኅዳር 22፣ እሁድ

31 ዙር። "ሲጠብሽ" ያለችው ዛሬ ገባኝ። ወስፌው ሲገባ አጠገቡ ያለው ጥምጥም ትከሻውን ያጠብባል፣ ሁለቱ መካከል መግቢያ ይጠፋል። እዚያ ላይ መጨመር ነው። ጣት ያውቀዋል፤ ዓይን ዘግይቶ ያየዋል።

አረንጓዴው ጥርስ ጥርስ እየሆነ ወጣ። ከአያቴ መሶብ ላይ ያለውን ነው የገለበጥኩት። ስድስት ጥርስ ነው ያለው። አምስት ያደረግኩ መስሎኝ ደንግጬ ቆጠርኩ፤ ስድስት ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ዛሬ አልሰፋሁም። አክስቴ ሰፌዷን ይዛ ደሴ ገበያ መጣች። አብሬያት ቆምኩ።

600 አለች። ነጋዴው አገላበጠው፣ በጥፍሩ ጠርዙን ጫር አደረገ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ቀዳዳ ፈለገ። ቀዳዳ የለም። "ያው ሰፌድ ነው እናት፣ 400" አለ። በ500 ብር ተስማሙ።

ስፌቱ 17 ሰዓት ተኩል። ሣሩ፣ ስንጠቃው፣ ቀለሙ፣ በእሷ ፍጥነት፣ 7 ሰዓት ተኩል ብንለው 25 ሰዓት ሆነ። በሰዓት 20 ብር። ቀለሙና ሚኒባሱ ሳይወጣ። ባለፈው ወር ግቢያችን አሸዋ ላስገባ ልጅ ለግማሽ ቀን 400 ብር ከፍያለሁ፤ ላቡን አይቻለሁ፣ ይገባዋል። የእሱን ላብ ስላየሁት ከፈልኩ። የእሷን ማን አየ? ቡና እየጠጣች፣ እያወራች፣ እየሣቀች ነው የሰራችው። ሰው ተቀምጦ ከሰራና ከሣቀ ያረፈ ይመስለናል።

ነጋዴው መጥፎ ሰው አይደለም። እሱም መንገድ፣ ኪራይ፣ ቀረጥ አለበት። ግን በዚያ ድርድር ውስጥ ስለ ሰዓት አንድ ቃል አልተነሳም። ስለ ቀዳዳ ነበር የተወራው።

ሻይ ቤት ገብተን ቁጥሩን ነገርኳት። እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነበር። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና "ሃያ አምስት?" አለች። ደጋግማ አለችው። ከዚያ "ስንደዶ መንገዱንም ቆጥረሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። መንገዱን አልቆጠርኩም ነበር። "እንግዲያ ጨምሪ" አለችኝ።

አንድ ሌላም ነገር አሰብኩ። ሐረር ሴቶቹ ስፌታቸውን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ እንግዳ ገብቶ ያየዋል፣ ያደንቃል። የእኛ ስፌት የሚኖረው ዱቄትና ጭስ ውስጥ ነው። ይሰራበታል፣ ያልቃል፣ ምድጃ ይገባል። ጥሩ ሰፊ የነበሩት የሴት አያቶቻችን ሥራ ያልተረፈን ለዚህ ነው። መሶቧ ሳትሰበር መቆየቷ ራሱ ይገርመኛል።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ

ጠርዙ ተንሻፈፈ። 43ኛው ዙር ላይ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ ስደፋው አንዱ ጎን ተነስቶ ጣት ያስገባል። ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ሐሙስ ማታ ቢሮ ተናድጄ መጥቼ ነበር፣ ሁለቱን ዙር እንደ ጠላት ስቤ ነው የሰፋሁት። የጠበቀው ዙር ቀጣዩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መተርተር ነበረብኝ። ልቤ እምቢ አለ። እማማ ነግረውኝ የነበረውን ሞከርኩ። ውኃ ረጨት አድርጌ፣ ክዳኑን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍቼ፣ ከላዩ ሰሃን፣ ከሰሃኑ ላይ መጅ ጭኜ አሳደርኩት። ጠዋት ጣት አያስገባም። ወረቀት ግን ያስገባል። ቀጣዮቹን ሁለት ዙሮች ላላ አድርጌ ሄድኩ።

ጥር 1፣ ሐሙስ

48ኛው ዙር። አለቀ ማለት አይቻልም፣ ጫፉ ቀርቷል። መሙያው በድንገት ከተቆረጠ ጠርዙ ላይ ደረጃ ይፈጠራል። ስለዚህ የመጨረሻውን ስንዝር እየቀነሱ፣ ከስድስት ሣር ወደ አራት፣ ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ፣ እንደ አይጥ ጭራ ማቅጠን ነው። ከዚያ ጠርዙን በሙሉ አንድ ጊዜ እንደገና በወይን ጠጅ መዞር። ይህ 3 ሰዓት ፈጀ።

ጥር 4፣ እሁድ

መሶቧን ይዤ ኩታበር ሄድኩ። ደሴ ላይ ልሞክረው እችል ነበር። አልፈለግኩም።

አክስቴ ክዳኑን ተቀብላ መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ እምብርቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ከዚያ 43ኛውን ዙር አገኘችው፤ ምንም ሳልነግራት፣ ዓይኗን ሳታሳርፍ፣ በጣቷ። "እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነበር?" አለችኝ። ነገርኳት።

ደፋችው። ከመሶቧ አፍ ጋር ተገናኘ፤ በአንድ በኩል ትንሽ ይወዛወዛል። አዙራ አዙራ ስድስቱን ጥርሶች ከታቹ ስድስት ጥርሶች ጋር አገጣጠመቻቸውና እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። የድሮው ቀይ ጡብ መስሏል፣ የእኔው እሳት ነው። እማማ "ይደበዝዛል፣ አትቸኩይ" አሉኝ።

ሰዓቱ እነሆ። ለቀማና መንገድ 5 ሰዓት ተኩል። ስንጠቃ 9። ቀለም 4። ስፌት 58። የተተረተረው 11። ጠርዝ 3። በጠቅላላ 90 ሰዓት ተኩል።

ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። ታላቂቱ እህት ሌማቷን አስቀምጣ "የእኛንም ጻፊልና" አለችኝ። አክስቴ ስለ በረካ ምንም አላለችም። ተነስታ ከጓዳ የልጅ ልጇን ያለፈ ዓመት ደብተር አመጣች፣ ያልተጻፈበትን ገጽ ፈለገች፣ ሰጠችኝ። እሷ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ተስማማን። አንድ ሰዓት በሰፋች ቁጥር አንድ መስመር ታሰምራለች። ለቀማም መስመር ነው፣ ስንጠቃም መስመር ነው። ሰፌዱ ሲያልቅ ደብተሩም አብሮ ገበያ ይወርዳል።

ቡናው በረካ ሲደርስ አዲስ እምብርት ጀምራ ነበር። ደብተሩ ጉልበቷ አጠገብ ነው፣ እርሳሱ ወስፌዋ የምትሰካበት ጨርቅ ላይ። ሦስት መስመር አለው።

ቀጣይ ሥራ፦ የመሶቧ እግር ላይ ያለው ቆዳ ተልጧል። ሰኞ ቆዳ ሰሪው ጋ እወስዳታለሁ።